ደጅና አደባባይ፦ ስለ አዲስ አበባ የመንግሥት ሰፈር የተደረገ ምልልስ

ይህ ምልልስ ሁለት ተናጋሪዎች አሉት። «መምህሩ» የከተማ ታሪክ የሚያስተምሩ አንጋፋ ሲሆኑ፣ «አርክቴክቷ» በነባር ሕንፃዎች ጥገና ላይ የተሠማሩ ባለሙያ ናቸው። የሚከራከሩበት ስፍራ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአራት ኪሎና በታላቁ ቤተ መንግሥት በኩል ወደ ካዛንቺስና ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው የአዲስ አበባ ክፍል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

መምህሩ፦ የአዲስ አበባን የመንግሥት ሰፈር ለማጥናት የሚነሣ ሰው ከሕንፃ ከጀመረ መንገዱን ይስታል፤ ቦታው ሕንፃ ከመብቀሉ በፊት የጦር ሰፈር ነበርና። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ጋራ ወደ ፍል ውኃ ሜዳ በተወረደ ጊዜ፣ ከእቴጌ ጣይቱ ቤት ጋር አብሮ የወረደው የንጉሥ ድንኳን በዘመቻ በተተከለ ቁጥር ይጠበቅ የነበረው ሥርዓት ነው፦ ንጉሡ በመካከል ከፍ ባለው ጉብታ ላይ፣ ፊታውራሪው በፊት፣ ደጀኑ በኋላ፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ስማቸው እንደሚናገረው በቀኝና በግራ፣ የቀረው መኳንንት ደግሞ ጭፍራውን ይዞ በየኮረብታው። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ የሠራዊት ማረፊያን ያመለክታል፤ ነዋሪው ዛሬ ትርጉሙን ሳያስብ የሚጠራቸው ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው።

አርክቴክቷ፦ ድንኳን ግን ይነቀላል፤ ኪነ ሕንፃ የሚጀምረው ላለመነቀል ሲወሰን ነው። ለአዲስ አበባ ይህ ውሳኔ በቀላሉ አልተገኘም፤ ማገዶውና የቤት እንጨቱ እያለቀ ሲሄድ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እዚያ የቤተ መንግሥት ግንባታ ተጀምሮ ነበር። ሐሳቡ የቀረው ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ የእንጨት ችግሩን በማቃለሉ ሲሆን፣ የአዲስ ዓለሙ ሥራም ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። እንግዲህ የመንግሥቱን ሰፈር በቦታው ያጸናው ከሥርዓቱ ይልቅ ዛፉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መምህሩ፦ ዛፉ ቦታውን አጸና እንጂ ቅርጹን አልሰጠም። ቅርጹ ያለው «ግቢ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ግቢ «ገባ» ከሚለው ግስ የመጣ ነውና፣ አንድን ቤት ሳይሆን በአጥር የተከበበውንና የሚገባበትን ዓለም በሙሉ ይገልጻል። የምኒልክ ግቢ፣ ማለት ታላቁ ቤተ መንግሥት፣ ኋላ 40 ሄክታር ያህል የሸፈነ ሲሆን፣ በውስጡ የነበሩት ቤቶች እንደ ሥራቸው ተለያይተው የቆሙ ነበሩ፦ ንጉሡ ከቅርብ ሰዎቻቸው ጋር የሚቀመጡበት እልፍኝ፣ ብዙ ሰው የሚስተናገድበት አዳራሽ፣ ንብረት የሚጠበቅበት ግምጃ ቤት፣ ጠጅ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ የጸሎት ቤቱ። እንቁላል ቤት በሚባለው ጉልላታም ማማ ላይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በመነጽር ከተማቸውን ይመለከቱ ነበር። አማርኛ እስከ ዛሬ መንግሥትን የሚጠራው በዚሁ ግቢ ቋንቋ ነው፦ መሥሪያ ቤት፣ ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በአንድ ትልቅ አጥር ውስጥ ለየብቻው የቆመ ቤት ሆኖ ታስቧል ማለት ነው።

አርክቴክቷ፦ የቃሉ ነገር ያሳምናል፤ ሆኖም በግቢው ውስጥ የቆሙት ቤቶች አሠራር ከድንኳን ሥርዓት ብቻ አልተቀዳም። ነባሩ ቤት በእንጨትና በማገር ተዋቅሮ በጭቃ ተመርጎ በሣር የሚከደን ነበር። ቀድሞ የነበረው ቤተ መንግሥት በእሳት ከተጎዳ በኋላ እንደገና ሲሠራ የተለያየ አገር ሰው እጁን አገባበት፤ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውኃ በቧንቧ አወረደ፣ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎችም ሰገነቱን፣ ማለት ፎቁን፣ በዙሪያው ከሚዞረው የእንጨት በረንዳና ከጥርብ መከታው ጋር አስለመዱ፣ ሣሩም በቆርቆሮ ተተካ። የአዳራሹን ጣሪያ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳል። አንድ ወጥ ጣሪያ ለዚያ ስፋት ስለማይበቃ ሦስት ባለ ክፈፍ ጣሪያዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በውስጥ በኩል በምሰሶ ረድፎች ተይዘዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ታይቶ የማይታወቅ ሰፊ ክዳን ሆነ።

መምህሩ፦ ስፋቱም ለጌጥ አልነበረም። አዳራሹ የተሠራው ለግብር ሲሆን፣ ግብር እዚህ ላይ ንጉሡ ለሠራዊታቸውና ለሕዝባቸው የሚያገቡትን ታላቅ ማዕድ የሚያመለክት ነው፤ ለመንግሥት የሚከፈለውም በዚሁ ስም መጠራቱ አጋጣሚ አይመስልም፤ ከባላገሩ በአንዱ ግብር የገባው በሌላው ግብር ተመልሶ ይወጣልና። ንጉሡ ከፍ ባለ መደብ ላይ ከመጋረጃ በስተኋላ ከመኳንንቱ ጋር ከበሉ በኋላ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በየማዕረጉ፣ በየተራው እየገባ ጥሬ ሥጋውንና ጠጁን ይጠግባል፤ አንዱ ወገን ሲነሣ ሌላው ይተካል። ማን መቼ ገባ፣ ከዙፋኑ ስንት ክንድ ርቆ ተቀመጠ፣ ከየትኛው ብርሌ ጠጣ የሚለው በሙሉ የሥልጣን ሠንጠረዥ ነበር። ዘመናዊው መሥሪያ ቤት በወረቀት የሚያሳየውን ተዋረድ ያ አዳራሽ በመቀመጫ ያሳየው ነበር።

አርክቴክቷ፦ ያልተጠራውስ የት ነበር?

መምህሩ፦ ደጅ። የመከራከሪያው ነጥብም ይኸው ነው። ሹመት የሚሻ፣ የተሻረ፣ ርስቱን የተቀማ፣ ሁሉም ከግቢው በር ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደጅ ይጠናል፤ «ደጅ ጥናት» የሚባለው ይህ ሲሆን፣ በደጃፍ እየታዩ መሰንበት ራሱ የታማኝነት ማስረጃ ነበር። «አቤት» ብሎ ከሚጮኸው ሰው ድምፅ «አቤቱታ» የሚለው የሕግ ቃል ወጣ። ይህ የሚደረግበትም ስፍራ አደባባይ ይባል ነበር፤ አደባባይ መኪና የሚዞርበት ክብ ከመሆኑ በፊት፣ ክርክር የሚሰማበትና ፍርድ የሚነገርበት የንጉሥ ደጃፍ ነው። በሌላ አገር የመንግሥት ሕንፃ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ደረጃውን ዘርግቶ ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሕንፃው ከአጥር በስተኋላ ሆኖ ለሕዝብ የተሰጠው ፊት በሩ ብቻ ነበር።

አርክቴክቷ፦ እስከ መቼ ድረስ ነበር? በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜ ሌላ ዓይነት መንግሥት ታስቧል።

መምህሩ፦ ታስቧል፤ ከሹመቶቹ አንዱ ግን የግቢ ሚኒስትር የሚባል እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የሚኒስትርነት ማዕረግ ከመጣ በኋላ እንኳ ሥራው በአመዛኙ በሹሙ ቤትና በንጉሡ ደጅ ይከናወን ስለነበር፣ ሹመቱ በራሱ ሕንፃ አላቆመም።

አርክቴክቷ፦ ሕንፃ ያቆመው 1923 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 23 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ተጫነ፣ በሐምሌ 9 የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ ሕገ መንግሥቱም ሁለት ምክር ቤቶችን፣ ማለትም የሕግ መወሰኛንና የሕግ መምሪያን፣ ስላቋቋመ ለእነርሱ የሚሆን ሕንፃ በታላቁ ቤተ መንግሥት አፋፍ ላይ፣ በኋላ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከቆመበት አጠገብ ተሠራ። ይህ ሕንፃ ባለ ሰዓት ማማ መሆኑ ትኩረት ይሻል። ከዚያ በፊት ለከተማው ሰው ጊዜን የሚነግረው የቤተ ክርስቲያን ደወልና የግቢው ሥርዓት ነበር፤ ማማው ግን ለማንም መንገደኛ፣ ደጅ ላልጠናውም ጭምር፣ ሰዓቱን በነጻ ይሰጣል። ምንም እንኳ አባላቱ በዚያን ጊዜ በሕዝብ ያልተመረጡ ቢሆኑም፣ ሕንፃው መንግሥት ከአጥር ውጭ የሚታይ ፊት ያገኘበት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

መምህሩ፦ ፊቱ ታየ፤ ነገር ግን የቆመው ከግቢው ደጃፍ ላይ ነው፤ ይህም የሆነው በከንቱ አይደለም። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ፣ የሕግ መምሪያው በመኳንንቱና በየአካባቢው ሹማምንት የሚመረጡ ነበሩ፤ ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባላት እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። ምክር ቤቱ በሚከፈትበት ቀን ንጉሠ ነገሥቱ መጥተው የዙፋን ንግግር ያደርጋሉ፤ መሳፍንቱና መኳንንቱም በየማዕረጋቸው ይቆማሉ። ለዐይን ይህ ከግብሩ ሥርዓት ማዕዱ ብቻ የተነሣለት ነበር።

አርክቴክቷ፦ ይህ አባባል ጨካኝ ነው።

መምህሩ፦ ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሕንፃን መፍረድ የሚገባው በሥዕሉ ሳይሆን በውስጡ በሚደረገው ነገር ነው። ደግሞም ከአጥሩ ነጻ የሆነ አዲስ ከተማ እንሥራ ብለው የተነሡትን ማየት ያስፈልጋል። ፋሺስት ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ከተማዋን ከያዘች በኋላ ፈረንሳይ ይኖር የነበረው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ነባሩን ከተማ ከቁብ ሳይቆጥር ሰፊ ቀጥተኛ ጎዳና ሥሎ ለሙሶሊኒ መንግሥት አቀረበ፤ ተቀባይነት ያገኘው ግን የኢግናዚዮ ጉዊዲና የቼዛሬ ቫሌ ፕላን ነው። ፕላኑ ነዋሪውን በዘር ለይቶ ለማስፈር የታሰበ ስለነበር የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ሆነ።

አርክቴክቷ፦ ለመንግሥት ሠራተኛም መኖሪያ ተሠራ፤ የዛሬው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት ከሚያሠራው የኢጣሊያ ተቋም ምኅጻረ ቃልና «ካዛ» ከሚለው፣ «ቤት» የሚል ትርጉም ካለው የኢጣሊያ ቃል ነው። የቅኝ ገዢው ቢሮክራሲ መኝታ ቤት ስም ሆኖ ገብቶ፣ የአዲስ አበባ ልጅ አፍ ውስጥ ተላምጦ የራሷ የከተማዋ ስም ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ትልቅ ክፍል ሲፈርስ ከቤቶቹ ጋር ያልፈረሰው ይህ ስም ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ፕላኑ ግን በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ፤ ወራሪውም ቢሆን የተቀመጠው በነባሩ ግቢ ውስጥ ነው። የኢጣሊያው እንደራሴ የግራዚያኒ መቀመጫ ስድስት ኪሎ ላይ የነበረው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ቦምብ የተወረወረበትና ጭፍጨፋው የጀመረበት ቅጥር ይኸው ነው። ከነጻነት በኋላ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27፣ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ተተከለባቸው፤ አንዱ ድሉን፣ ሌላው ሰማዕታቱን ይዘው በአንድ መንገድ ላይ ይተያያሉ።

አርክቴክቷ፦ ከነጻነት በኋላ ያለው ምዕራፍ የግቢውን ትርጓሜ የሚፈትነው ነው። በ1948 ለዘውዱ የ25 ዓመት በዓል ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ ከእርሱም ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ18 ወራት ግንባታ ተጠናቆ በ1953 ተመረቀ። ሁለቱን ሕንፃዎች አነጻጽሮ የሚያይ ሰው ልዩነታቸውን በአጥሩ ያውቃል። ቤተ መንግሥቱ በዛፍና በአጥር ውስጥ ተሸሽጓል፤ አዳራሹ ግን ፊቱን ለጎዳናው ሰጥቶ፣ አግድም በተዘረጋ መስመርና በረድፍ መስኮት ቆሟል። ከውስጥ ደግሞ የመግቢያውን አዳራሽ የሚሞላው አፈወርቅ ተክሌ በባለ ቀለም መስታወት የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ሥራ አለ፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ፣ የጊዜውንና የወደፊቱን ዕጣ ያሳያል። ሥራው ሌሊት ከውጭ፣ ቀን ከውስጥ የሚነበብ ነው፤ ጠዋት በዚያ በኩል የሚያልፍ ልዑክ በቀይና በአረንጓዴ ብርሃን ተቀብቶ ወደ ስብሰባው ይገባል። ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚህ ሕንፃ ነው። ይህ አዳራሽ የማን ደጅ ነው?

መምህሩ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ለግቢው ትርጓሜ የሚመች አይደለም። ሆኖም ቀኖቹን አጠጋግቶ ማየት ይገባል። አዳራሹ ከመመረቁ ሁለት ወር ያህል በፊት፣ በታኅሣሥ 1953፣ የክብር ዘበኛ አመፅ ተነሥቶ ሚኒስትሮችና መኳንንት በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ታግተው ብዙዎቹ ተገደሉ። ሥልጣን የሚያዘው ግቢ በመያዝ እንደሆነ አመፀኞቹንም ያስተማራቸው ይህ ሕንፃ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ በደም የረከሰውን ቤት ለትምህርት መስጠት ብዙ የሚያናግር ውሳኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ዙፋኑ ዳግም ወደ ስድስት ኪሎ አልወጣም።

አርክቴክቷ፦ ዙፋኑ ሲሸሽ ከተማው ግን ወደ ፊት ወጣ። ዛልማን ኤናቭና ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ኢትዮጵያውያን አርክቴክቶች አንዱ የሆኑት ሚካኤል ቴድሮስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የፍል ውኃን መታጠቢያ ነደፉ፤ ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት በቸርችል ጎዳና የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃ ሠራ። በ1957 ሉዊ ደ ማሪየን ያቀረበው ፕላን ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ለገሃር፣ ማለት እስከ ባቡር ጣቢያው፣ የሚወርድ ታላቅ የክብር መስመር ዘረጋ። መስመር ሲባል በአርክቴክቶች ቋንቋ ሁለት ጉልህ ሕንፃዎችን በዐይን የሚያያይዝ ቀጥተኛ ስፍራ ማለት ነው። ከላይ በኩል ያለውን ጫፍ የያዘው የሜዜዲሚ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ምክር ቤትም አይደለም። የከተማው አገልግሎት የሚሰጥበትና በውስጡ የቴአትር አዳራሽ ያለው ቤት ከመስመሩ አናት ላይ መቀመጡ፣ ፕላን አውጪዎቹ ከግቢ ውጭ ሌላ መሐል ለመፍጠር እንደሞከሩ ያሳያል።

መምህሩ፦ መሐሉ ተፈጠረ፤ ሥልጣኑ ግን አልሄደለትም። ደርግ በዚያው መስመር ላይ በ1977 የትግላችን ሐውልትን ተከለ፤ ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብም ሌኒንን አቆመ፤ ሌኒኑ በግንቦት 1983 እስኪወርድ ድረስ አቋሙ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ የሚራመድ መንገደኛ ይመስል ስለነበር፣ የከተማው ሰው ብዙ ሳቀበት። ሐውልቱ ከአጥር ውጭ ሲተከል ሊቀ መንበሩ ግን የተቀመጡት በምኒልክ ግቢ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የመውረዳቸው ቃል ተነቦላቸው በቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ፤ ዐፅማቸው ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ ወጥቶ በ1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ግቢው ንጉሥን ያነግሥ ነበር፤ የወረደውንም በውስጡ ሸሸገ። ዛሬም «አራት ኪሎ ገባ» ሲባል ማንም ሰው አድራሻ አይጠይቅም፤ ሥልጣን መያዝን እንደሚገልጽ ያውቃልና።

አርክቴክቷ፦ ስለ መሸሸግ ከተነሣ የአፍሪካ ኅብረትን አዲስ መሥሪያ ቤት መርሳት አይቻልም። በ2004 የተመረቀው ሕንፃ የቆመው ዓለም በቃኝ በሚባለው ወኅኒ ቤት ቦታ ላይ ነው፤ ቁመቱም የኅብረቱ መመሥረት የታወጀበትን ቀን እንዲያመለክት 99.9 ሜትር ተደርጓል። ቁጥሩ በዐይን አይታይም፤ ማንም ቆሞ የሚለካው የለም። የቦታው ስም ግን በሽማግሌዎች አፍ አለ።

መምህሩ፦ ለዚህም ነው የቦታ ታሪክ ሕንፃ ሲፈርስ እንኳ የማይፈርሰው። ነገር ግን የክርክሩ መነሻ ወደሆነው በር እንመለስ፤ በመስከረም 2012 የታላቁ ቤተ መንግሥት አንድ ክፍል አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል።

አርክቴክቷ፦ ከአርክቴክቸር አንጻር ይህ ከተሠራው ሁሉ የበለጠ ለውጥ ነው። አዳራሹ ተጠግኖ ሦስቱ ጣሪያዎች እንደገና ይታያሉ፤ በግብር ዘመን በየማዕረጉ ይገባበት የነበረው ደጃፍ ዛሬ ቲኬት ለቆረጠ ሁሉ ክፍት ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ተራ ይዘው የንጉሡ መደብ አጠገብ ይቆማሉ፤ ምሰሶዎቹን ይነካካሉ፣ መጋረጃው የነበረበትን ቦታ ጠባቂው በጣቱ ያሳያቸዋል።

መምህሩ፦ በተከፈተው ክፍልና በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት መካከል ግን አጥር አለ፤ ግቢ በግቢ ውስጥ ነው የተሠራው። ጎብኚውም ቢሆን ሳይፈተሽ አይገባም። ከዚያ ዝቅ ብሎ በየሚኒስቴሩ በር ላይ የሚቆመው ባለጉዳይም እንዲሁ ነው፤ የት እንደሚሄድ ተጠይቆ፣ ስሙ በመዝገብ ተጽፎ፣ መታወቂያውን አስይዞ ባጁን አንገቱ ላይ አጥልቆ ይገባል።

አርክቴክቷ፦ ሲወጣ ግን መታወቂያው ይመለስለታል፤ ደጅ የጠናው አያቱ በዚያን ዘመን የሚይዘው ወረቀት አልነበረውም።

መምህሩ፦ ጉዳዩ ካለቀ ይወጣል። ካላለቀ ግን ነገ ተመለስ ይባላል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያው ሰው ያንኑ መታወቂያ ይዞ በዚያው በር ላይ ተገኝቷል።